የሕመምተኛው ማኅደር ከመርሳ እስከ ወልድያ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ነገር ግን ሕመምተኛው ምንም ሳይደብቅ ቢናገርና ቃሉ በአንድ ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ቢቀር፣ ቀጥሎ የሚያየው ሐኪም በምን ያውቀዋል? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንን ነው። እኛ የሕክምና ተማሪዎች አይደለንም፤ ሆኖም ሁላችንም ወይ ታመን ወይ ዘመድ አስታመን ስለምናውቅ ነገሩ ይመለከተናል።

በአገራችን የጤና አገልግሎት በሦስት ደረጃ የተከፈለ ነው። በመጀመሪያው ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፤ በሁለተኛው አጠቃላይ ሆስፒታል፤ በሦስተኛው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛሉ። አንድ የገጠር ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሕዝብ፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ደግሞ እስከ 25,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቧል። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ በየኬላው ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ማኅደር የመያዝ ሥርዓት ተዘርግቷል።

እንግዲህ አንዲት ነፍሰ ጡር ከሀብሩ ወረዳ ቆላ ቀበሌ ተነሣች እንበል። ክትትሏ በኬላው የቤተሰብ ማኅደር ተጽፏል። መርሳ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ካርድ ክፍሉ ሌላ ቁጥር ይሰጣታል። የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ሪፈር ተጽፎላት ወልድያ ሆስፒታል ስትገባ ደግሞ ሦስተኛ ቁጥር ታገኛለች። ሴትዮዋ አንድ፣ ማኅደሯ ሦስት ሆነ። ሦስቱን የሚያገናኝ በመቀነቷ የቋጠረችው የሪፈር ወረቀት ብቻ ነው።

ወረቀቱ የታየውን ምልክት፣ የተሰጠውን መድኃኒትና ሰዓቱን መናገር ነበረበት። «ለተሻለ ሕክምና» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ግን የሆስፒታሉ ሐኪም ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለከባድ የእርግዝና ደም ግፊት የሚሰጠው ማግኒዥየም ሰልፌት መጠኑ ሲያልፍ ትንፋሽ ያቆማል፤ ሳይሰጥ ቢቀር ደግሞ እናቲቱ ለሚጥል ሕመም ትጋለጣለች። ስለዚህ በመርሳ ያልተጻፈች አንዲት መስመር በወልድያ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ልትሆን ትችላለች።

ሁለተኛው ጉድለት የመልሱ ነው። ሆስፒታሉ ያገኘውንና ያደረገውን ጽፎ ለላከው ጤና ጣቢያ እንዲመልስ ሥርዓቱ ያዛል፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረውም ይኸው መልስ ነው። መልሱ ሲቀር የላከው ባለሙያ ግምቱ ትክክል እንደ ነበረ አይማርም፤ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም እናቲቱን በምን እንደምትከታተላት አታውቅም።

የሚያስገርመው፣ ሪፖርት ግን በደንብ ይጓዛል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ በዋለው ዲኤችአይኤስ 2 በተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ስንት ሰው እንደታከመ በየወሩ ወደ ላይ ይተላለፋል። ቁጥሩ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ የሴትዮዋ ታሪክ ግን ወልድያ አይደርስም።

የዚህን ጉድለት ዋጋ ሰሜን ወሎ በጦርነቱ ጊዜ አይቶታል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሳለች የአካባቢው የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። ብዙ ሰው ወደ ደሴ ሸሸ፤ ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እንደገና ተሰደደ። ቢያንስ ስድስት ወር የሚወሰደውን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ ሰው ካርዱን ጥሎ ከሸሸ፣ ስንተኛው ወር ላይ እንደ ነበረ የሚመሰክርለት የራሱ አፍ ብቻ ነበር።

ታዲያ ማኅደሩ ለሁሉ ይከፈት ማለታችን አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር የሚያወጣ ሐኪም እንዲቀጣ ይደነግጋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ያልታሸገ የሪፈር ወረቀት በአውቶቡስ ውስጥ ከእጅ እጅ ሲዞር ምስጢሩን ጎረቤት ያነበዋል፤ ጎዶሎ ሆኖ ሲጻፍ ደግሞ ሐኪሙ ያጣዋል። ሊያውቅ የማይገባው ያውቃል፣ ሊያውቅ የሚገባው አያውቅም።

እንደ ኢስቶኒያ ያሉ አገሮች የዜጋውን የጤና ማኅደር በአንድ መለያ ቁጥር ከተቋም ተቋም አገናኝተዋል። እኛም እዚያ እስክንደርስ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። አንደኛ፥ ሪፈር የሚጽፍ ባለሙያ መድኃኒቱንና ሰዓቱን በሚነበብ ጽሕፈት ይጻፍ፤ ወረቀቱንም ያሽገው። ሁለተኛ፥ ሆስፒታሉ ሕመምተኛውን ሲያሰናብት መልሱን ሳይሰጥ አያሰናብት። ሦስተኛ፥ እኛ ተማሪዎች ለክረምት ወደየአገራችን ስንገባ ዘመድ ሐኪም ቤት የምናደርስ እኛው ነን፤ ስለዚህ ስንሄድ «የተሰጣት መድኃኒት ተጽፏል ወይ?»፣ ስንመለስም «የጤና ጣቢያው መልስ የታለ?» ብለን በአክብሮት እንጠይቅ። ማንበብና መጻፍ ያስተማረን ሕዝብ ቢያንስ ይህን ያህል ውለታ አለብን።