ለልጅ ብላችሁ ሐኪም ጋ ስትሄዱ፦ በመጀመሪያው ቀጠሮ ምን ይጠብቃችኋል?



በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ከተጋባን ሁለት ዓመት አለፈን፣ እስካሁን አላረገዝኩም። ሐኪም ጋ ልሄድ ነው፣ ግን ምን እንደሚያደርጉኝ ስለማላውቅ ፈራሁ።» ፍርሃቱ ይገባኛል። ስለዚህ ዛሬ ያን ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረን እናየዋለን። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ላስተካክል፦ «ልሄድ ነው» ሳይሆን «ልንሄድ ነው» በሉ።

ለምን መሰላችሁ? ጠቅላላ ሐኪም ስለሆንኩ ብዙ ሰው ስፔሻሊስት ጋ ከመድረሱ በፊት እኔ ጋ ይመጣል። በዚህ ጉዳይ የሚመጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሚስቶች ብቻ ናቸው። አንዷን አልረሳትም (ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። የአራት ዓመት ወረቀት በፌስታል ሞልታ መጣች። አልትራሳውንድ አምስት ጊዜ፣ የሆርሞን ምርመራ በየክሊኒኩ፣ የማህፀን ቱቦ ራጅ ሁለት ጊዜ። ሁሉም «ደህና ነው» ይላል። አገላብጬ ስጨርስ «የባለቤትሽ ውጤትስ?» አልኳት። «እሱ እኮ ጤነኛ ነው» አለችኝ። ተመርምሮ ግን አያውቅም። በስንት ልመና መጥቶ ሲመረመር የዘር ፈሳሹ ውስጥ አንድም ስፐርም አልተገኘም። እሷ ምርመራ ስትጀምር 32 ዓመቷ ነበር፣ እኔ ጋ ስትደርስ 36 ሆኗታል። በመጀመሪያው ወር ሊታወቅ የሚችል ነገር አራት ዓመት በላባት።

ልጅ ለመውለድ ከሚቸገሩ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ ችግሩ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ከወንዱ በኩል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ ከስድስት ሰው አንዱ በሕይወት ዘመኑ የመካንነት ችግር ያጋጥመዋል። እና ብቻችሁን አይደላችሁም።

መቼ ነው መሄድ ያለብን?

ያለ ምንም መከላከያ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ግንኙነት እያደረጋችሁ አንድ ዓመት ካለፈ ሂዱ። ሚስት 35 ከሞላት ስድስት ወር ይበቃል። 40 ከሞላት አትጠብቁ።

ዕድሜ ሳይታይ ቶሎ መሄድ ያለባቸውም አሉ፦
- የወር አበባዋ የተዛባ ወይም የቀረ፣ ወይም በወር አበባ ጊዜ ከባድ ሕመም ያላት
- ከዚህ በፊት የማህፀን ኢንፌክሽን፣ ከማህፀን ውጪ እርግዝና ወይም የሆድ ቀዶ ሕክምና የነበራት
- ቆለጡ ላይ ቀዶ ሕክምና ወይም ጉዳት የነበረበት፣ ወይም ጆሮ ደግፍ ይዞት ቆለጡ አብጦ የነበረ
- ከሁለቱ አንዳቸው የካንሰር ሕክምና የወሰዱ ከሆነ

የት እንሂድ?

መነሻችሁ የማህፀንና ፅንስ ስፔሻሊስት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጥንዶች እዚያው መፍትሔ ያገኛሉ። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ሪፈር ይጻፍላችኋል። አገራችን ውስጥ በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ የመጀመሪያው የመካንነት ሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተከፍቷል። የግል ማዕከላትም አሉ። «መካንነት ክሊኒክ ሄድን ማለት ከሰውነት ውጪ ማዳቀል ነው» ብላችሁ አትደንግጡ። በርካታ ሰው በመድኃኒት፣ በቀላል ሕክምና ወይም ጊዜ በማስተካከል ብቻ ያረግዛል።

ምን ይዘን እንሂድ?

1. ከዚህ በፊት የተሠራ ምርመራ ሁሉ፣ የሁለታችሁም። ፊልሙም ወረቀቱም። ያለበለዚያ እንደገና ትከፍላላችሁ።
2. የመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት የወር አበባ የጀመረባቸው ቀናት። ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።
3. የምትወስዱት መድኃኒት ሁሉ። ስሙ ካልተያዛችሁ ካርቶኑን ፎቶ አንሱት። የባህል መድኃኒትና የጂም ማሟያዎችም ይቆጠራሉ።
4. ጥያቄዎቻችሁ በጽሑፍ። ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ ይጠፋባችኋል፣ እመኑኝ።

ምን እንጠየቃለን?

የመጀመሪያው ቀጠሮ በአብዛኛው ወሬ ነው። ስንት ጊዜ ግንኙነት ታደርጋላችሁ? ሕመም አለው? የመቆም ወይም የመርጨት ችግር አለ? ከዚህ በፊት እርግዝና፣ ውርጃ፣ የአባላዘር በሽታ ነበር? ከሌላ ሰው የተወለደ ልጅ አለ? ሲጋራ፣ ጫት፣ አልኮል? አንገት ያስደፋል፣ አውቃለሁ። ሐኪሙ ግን የሚጠይቀው ለመፍረድ ሳይሆን መንገዱን ለማሳጠር ነው። ለምሳሌ ያልታከመ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ የማህፀን ቱቦን ሊዘጋ ይችላል። ይሄን ካላወቀ ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይከርማል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያስጨንቀው ነገር አለ፦ የትዳር ጓደኛችሁ የማያውቀው ታሪክ። ከጋብቻ በፊት የነበረ ውርጃ ሊሆን ይችላል፣ የቆየ በሽታ ሊሆን ይችላል። አትዋሹ፣ ግን ፊት ለፊት እንድትናገሩም አትገደዱም። «ዶክተር፣ ትንሽ ደቂቃ ለብቻዬ ላናግርዎት እፈልጋለሁ» በሉ። ይሄ መብታችሁ ነው፤ የነገራችሁትን ምስጢር መጠበቅ ደግሞ የሐኪሙ ግዴታ ነው።

ምን ምርመራ ይደረጋል?

ለእሷ፦ ክብደት፣ የደም ግፊት፣ ከዚያ አልትራሳውንድ። ማህፀንና የእንቁላል ማምረቻው በደንብ እንዲታዩ ብዙ ጊዜ በብልት በኩል በሚገባ ቀጭን መሣሪያ ይሠራል። ትንሽ ይደብራል እንጂ ከባድ ሕመም የለውም። ካመመሽ «ይቁም» በይ። ሴት ባለሙያ አብራሽ እንድትቆም መጠየቅም ትችያለሽ።

ለእሱ፦ የቆለጥ ምርመራና የዘር ፈሳሽ ምርመራ። ከምርመራው በፊት ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነትም ራስን በራስ ከማርካትም መታቀብ ያስፈልጋል። ናሙናው የሚሰጠው ራስን በራስ በማርካት፣ ክሊኒኩ በሚሰጠው ንጹሕ ዕቃ ነው። ኮንዶም፣ ምራቅ፣ ቅባት አትጠቀም፣ ስፐርሙን ይጎዳሉ። ቤት ውስጥ ከሆነ ሰውነትህ ጋ አስጠግተህ፣ ሳይቀዘቅዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ አድርስ። የተወሰነው ከፈሰሰብህም ተናገር። ስፐርም ተሠርቶ ለመጨረስ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ ባለፉት ሦስት ወራት ኃይለኛ ትኩሳት ከነበረብህ ውጤቱን ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ አንድ መጥፎ ውጤት ፍርድ አይደለም፣ ይደገማል።

ደም፦ ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ቂጥኝ ለሁለታችሁም ሊታዘዙ ይችላሉ። ለእሷ የሚታዘዙ አንዳንድ ሆርሞኖች ቀን አላቸው። የወር አበባ በደንብ የፈሰሰበት የመጀመሪያ ቀን «ቀን 1» ይባላል። ኤፍኤስኤች የሚባለው በቀን 2 ወይም 3 ይሠራል። እንቁላል መውጣቱን የሚያሳየው ፕሮጄስትሮን ደግሞ የሚቀጥለው የወር አበባ ከመምጣቱ ሰባት ቀን በፊት ነው። «ቀን 21» የሚባለው የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ ለሚመጣ ሴት ብቻ ይሠራል። በየ35 ቀኑ ለሚመጣላት ቀን 28 ይሆናል። ይሄን ሳያስተካክሉ ተመርምረው «እንቁላል የለሽም» ተብለው ያለቀሱ አይቻለሁ።

የማህፀን ቱቦ ራጅ በመጀመሪያው ቀን አይሠራም። የወር አበባ እንደቆመ፣ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ቀጠሮ ይያዝለታል። እስኪሠራ ድረስ እርግዝና እንዳይኖር ትጠነቀቃላችሁ። እንደ ወር አበባ ቁርጠት ሊያም ስለሚችል ቀድሞ የሚወሰድ ማስታገሻ ጠይቂ።

ከመውጣታችሁ በፊት

በዚያ ቀን «ምክንያቱ ይሄ ነው» የሚል መልስ ላታገኙ ትችላላችሁ። የተለመደ ነው፣ ተስፋ አትቁረጡ። ግን እነዚህን አራት ነገሮች ሳትጠይቁ አትውጡ፦
- የታዘዘልን ምርመራ ምንድን ነው፣ ለምንስ ነው?
- በስንተኛው ቀን ይሠራ?
- ዋጋው ስንት ነው? አቅማችን ለሁሉም ካልበቃ የቱን እናስቀድም?
- ውጤቱን ይዘን መቼ እንመለስ?

እስከዚያው ድረስ ለእሷ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ከአሁኑ መጀመር ጥሩ ነው። ሲጋራ ለሁለታችሁም ይቁም፣ አልኮልና ጫትም ይቅር። ለጡንቻ ብለህ የቴስቶስትሮን መርፌ የምትወጋ ከሆነ ለሐኪሙ ንገረው፣ የስፐርም ምርትን ሊያጠፋ ይችላል። ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለሚጥል በሽታ የምትወስዱትን ግን ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ። ጸበሉም፣ ጸሎቱም፣ ዱዓውም ከምርመራ ጋር አይጣላም። ጎን ለጎን ይሂድ።

በመጨረሻም ለወንድሞቼ

«እኔ ምንም አልሆንኩም» የምትል ወንድሜ፣ በአልጋ ላይ ብርቱ መሆንና ስፐርም መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዓመታት በፊት ልጅ መውለድህም የዛሬውን አያረጋግጥም። የእሷ ምርመራ መርፌ አለው፣ ራጅ አለው፣ ሕመም አለው። ያንተ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ቢገኝብህም ብዙው ነገር መፍትሔ አለው። በላይ የነገርኳችሁ ባልና ሚስት ዛሬ በስፔሻሊስት ክትትል ላይ ናቸው፣ ፌስታሉን የሚይዘውም አሁን እሱ ነው።

እህቴ፣ እምቢ ካለሽ «ችግሩ ያንተ ነው» አትበይው። «ዶክተሩ ሁለታችንን ካላየ ሕክምና አልጀምርም ብሏል» በይው። እውነትም ነው፣ እኔ ብያለሁ።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ እንጂ ምርመራን አይተካም። ጥያቄ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ይሄን ነገር በሆዱ ይዞ የሚጨነቅ ሰው ካወቃችሁ በግል ላኩለት፣ በስሙ ታግ አታድርጉት።

መልካም ጤና!