ትምህርት፦ የሥራ ክርክርና የይርጋ ጊዜ

በገዳሪፍ አካባቢ ባሉት የመጠለያ ጣቢያዎች ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል ከስደት በፊት በፋብሪካ፣ በሆቴል፣ በግል ድርጅት ወይም በሰሊጥ እርሻ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ ብዙዎች ናቸው። ከሥራቸው ያለ አግባብ የተባረሩ፣ ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ የወጡም አሉ። «አገር ሲረጋጋ እጠይቃለሁ» ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ሕጉ ግን እስከዚያ ላይጠብቅ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ስለ ይርጋ እንመለከታለን።

ይርጋ ምንድን ነው?

ይርጋ ማለት አንድ ሰው መብቱን በክስ መጠየቅ የሚችልበት የጊዜ ገደብ ነው። ቃሉ «ረጋ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ጊዜው ካለፈና ተከሳሹ ይህን መቃወሚያ ካነሳ፣ ጠያቂው እውነት ቢኖረውም ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አይመለከትለትም።

የኢትዮጵያ ሕግ የሚወስናቸው ጊዜያት

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ በ1985 ዓ.ም. በቁጥር 42፣ በ1996 ዓ.ም. በቁጥር 377፣ ከዚያም በ2011 ዓ.ም. በቁጥር 1156 ወጥቷል። በመጨረሻው አዋጅ መሠረት፦

1. ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ፦ የሥራ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ፤
2. የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰለው ክፍያ፦ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ፤
3. ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመነጭ ክፍያ፣ ለምሳሌ የስንብት ክፍያ፦ ውሉ ከተቋረጠ በ6 ወር ውስጥ፤
4. የተለየ ጊዜ ያልተወሰነለት ሌላ የሥራ ክርክር፦ በ1 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

ይኸው አዋጅ ሠራተኛን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ፣ በፆታው፣ በእርግዝና፣ በአካል ጉዳት ወይም በሠራተኛ ማኅበር አባልነቱ ምክንያት ማሰናበትን ይከለክላል። በዚህ ዓይነት የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው የመመለስ መብት አለው። ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ አድልዎው ምንም ያህል ግልጽ ቢሆን፣ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ የሚቀርበው በ3 ወር ውስጥ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለሆነ እነዚህ ጊዜያት እነርሱን አይመለከቱም።

አቆጣጠሩ

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፣ አንዲት የሆቴል ሠራተኛ መስከረም 10 ቀን ተባረረች እንበል። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው በማግሥቱ መስከረም 11 ነው። ወደ ሥራዋ ለመመለስ እስከ ታኅሣሥ 10፣ የስንብት ክፍያ ለመጠየቅ እስከ መጋቢት 10 ጊዜ አላት። የመጨረሻው ቀን በዓል ወይም እሑድ ከሆነ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሻገራል። ያልተከፈለ ደመወዝ ደግሞ የየወሩ ለብቻው ይቆጠራል፤ የመጀመሪያው ወር ደመወዝ በይርጋ ሲታገድ የኋለኛው ወር ገና ሊጠየቅ ይችላል።

ጊዜው የሚቋረጠው መቼ ነው?

ለፍርድ ቤት ወይም የሥራ ክርክርን ለሚወስን አካል ክስ ሲቀርብ፣ ሕጉን ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ሲገባ፣ ወይም አሠሪው «አዎን፣ ዕዳ አለብኝ» ብሎ በግልጽ ሲያምን ቆጠራው ይቋረጣል። በአሠሪው እምነት ምክንያት የሚቋረጠው ግን በድምሩ ከ3 ጊዜ አይበልጥም። «ቆይ እከፍልሃለሁ» የሚል የአፍ ቃል በኋላ ለማስረዳት ስለሚያስቸግር በጽሑፍ ማግኘት ይበጃል።

ጦርነትና ስደትስ?

ሕጉ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ዘግይቶ የቀረበን ጥያቄ ዳኛው ሊቀበል እንደሚችል ይናገራል። በስም የጠቀሳቸው የሠራተኛውን ሕመም፣ በትእዛዝ ከመኖሪያ ቦታ መዛወርንና የብሔራዊ አገልግሎት ጥሪን ነው። ጦርነት በስም አልተጠራም፤ ሆኖም ዝርዝሩ በሩን ስለማይዘጋ ውሳኔው የዳኛው ነው። ዋናው ነጥብ ጥያቄው እንቅፋቱ ከተወገደ በ10 ቀን ውስጥ መቅረብ ያለበት መሆኑ ነው። ስለዚህ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ቤት እስኪያበጅ ሳይጠብቅ ቶሎ ማመልከት አለበት። የስደተኛነት መታወቂያና የተመዘገቡበት ቀን ማስረጃ በዚህ ጊዜ ይጠቅማል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ለወኪል ውክልና ለመስጠት ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ከመሄድ በፊት የዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. ወይም የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን ሠራተኞችን ያማክሩ። በ1951 (እ.ኤ.አ.) የስደተኞች ስምምነት መሠረት በፈቃደኝነት የአገርን ጥበቃ መልሶ መጠየቅ የስደተኛነትን መብት ሊነካ ይችላል።

በሱዳን ለሚሠሩ

በ1997 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሱዳን የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን፣ ጊዜያዊ የቀን ሠራተኞችንና ከእርሻ መሣሪያ ሥራ ውጭ ያሉትን አብዛኞቹን የእርሻ ሠራተኞች አያካትትም። ስለዚህ በገዳሪፍ ማሽላ ለማረም ወይም ሰሊጥ ለማጨድ የሚሄድ ሰው ከሥራው በፊት ዋጋውን በምስክር ፊት ይስማማ፤ የሠራበትን ቀን ይጻፍ። ሒሳቡንም ባለ እርሻውና ምስክሮቹ ሳይበተኑ፣ እዚያው በሥራው ቦታ ይጠይቅ። በሱቅ፣ በጋራዥ ወይም በድርጅት የተቀጠረ ግን ወደ ሥራ ጽሕፈት ቤት (መክተብ አል-አመል) ወዲያው ማመልከት ይችላል። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ስለገባች፣ ገንዘብ ከፍሎ ከመጓዝ በፊት ጽሕፈት ቤቱ መሥራቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

በሠፈራ ወደ ሌላ አገር ለሚሄዱ

እዚያም ጊዜው አጭር ነው። በአሜሪካ የአድልዎ አቤቱታ ለፌዴራሉ የሥራ እኩልነት ኮሚሽን የሚቀርበው በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ ክፍለ ግዛቱ ተመሳሳይ ሕግና አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ካለው እስከ 300 ቀን ይደርሳል። በአውስትራሊያ ያለ አግባብ ተባረርኩ የሚል ሠራተኛ ያለው 21 ቀን ብቻ ነው።

የመከለሻ ጥያቄዎች

1. ጥቅምት 5 ቀን የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ እስከ መቼ ይከሳል?
2. ይርጋን የሚያቋርጡ ሦስት ነገሮች ምንድን ናቸው?
3. የርስዎ ጉዳይ ከአራቱ በየትኛው ይመደባል? ስንት ቀንስ ቀረው?

ሦስተኛውን ጥያቄ ዛሬውኑ በወረቀት ላይ ይመልሱት። ቀኑ ካልተጻፈ ይረሳል፤ ማስረጃዎን ከወረቀቱ ጋር በአንድነት ያስቀምጡ።