ቴርሞሜትር የማይነግረን ብርድ፦ ነፋስና የተማሪ ልጆች ደኅንነት

በሚኒሶታና በሌሎች ቀዝቃዛ የአሜሪካ ግዛቶች የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በበረዶ ወራትም በእረፍት ሰዓት ወደ ግቢ ወጥተው ይጫወታሉ። ይሁንና ወላጆች ጠዋት የሚመለከቱት የሙቀት መጠን ብቻውን አደጋውን አያሳይም።

ምክንያቱ ነፋስ ነው። ሰውነት በዙሪያው ያለውን ስስ አየር ያሞቃል፤ ነፋስ ግን ይህን የሞቀ አየር ጠርጎ ይወስደዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ስሌት እንደሚያሳየው፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቀን በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ሲነፍስ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 28 ያህል ሆኖ ይሰማል። ያልተሸፈነ ቆዳም በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ ፍሮስትባይት ይባላል፤ ሕፃናት ከአዋቂዎች ፈጥነው ሙቀት ስለሚያጡ ይበልጥ ይጋለጣሉ።

መከላከያውም ከዚሁ ሳይንስ ይመነጫል። ተደራራቢ ልብሶች በመካከላቸው አየር ይይዛሉ፤ ከላይ የሚደረበው ካፖርት ደግሞ ነፋስን ያግዳል። አራቱን ጣቶች አንድ ላይ የሚይዝ ጓንት ጣቶችን ለየብቻ ከሚለያየው ይበልጥ ያሞቃል። የረጠበ ካልሲ ወዲያውኑ መለወጥ አለበት።

በጠቆር ያለ ቆዳ ላይ የቀለም ለውጡ በቀላሉ ላይታይ ስለሚችል፣ ልጆች የመደንዘዝ ወይም የመጠዝጠዝ ስሜት ሲሰማቸው ለመምህራቸው እንዲናገሩ ማስተማር ያስፈልጋል። የተጎዳው ቦታ መታሸት የለበትም፤ ልጁን ሞቅ ወዳለ ክፍል አስገብቶ ሐኪም ማማከር ይገባል።