ከዩኒኮድ በፊት የተጻፉ የአማርኛ ቢሮ ሰነዶችን የማሸጋገር ችግርና ቅደም ተከተል

በበርካታ መሥሪያ ቤቶች ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በኮምፒውተር የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ ቃለ ጉባኤዎችና የሠራተኛ ማኅደሮች ይገኛሉ። ፋይሎቹ ይከፈታሉ፤ ነገር ግን የተጻፉበት ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር በአማርኛ ፊደል ፋንታ የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ይታያሉ። ይህ ጽሑፍ የችግሩን ምንጭና በሽግግሩ ሊጠበቅ የሚገባውን ቅደም ተከተል ያብራራል።

የችግሩ መነሻ የቦታ ጥበት ነው። የቀድሞዎቹ ፎንቶች እያንዳንዱን ምልክት በአንድ ባይት ይወክሉ ስለነበር ያሏቸው ቦታዎች 256 ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ 33ቱ በአስኪ ሥርዓት ለመቆጣጠሪያ ትእዛዛት የተያዙ በመሆናቸው ለጽሑፍ የሚተርፈው 223 ነው። የአማርኛ መደበኛ ፊደላት ግን 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ፊደላት፣ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ቁጥሩ የበለጠ ያድጋል። ስለዚህ አንዳንድ አዘጋጆች ፊደላቱን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ከፋፈሉ፤ ሌሎች የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጠው በጽሑፉ ላይ አገናኙ። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ከ4608 እስከ 4991 ያሉትን ቦታዎች ለኢትዮጵያ ፊደል በመመደብ ለእያንዳንዱ ፊደል ቋሚ ቁጥር ሰጠ።

ከዚህ የሚከተለው ዋና ነጥብ በአሮጌዎቹ ፋይሎች የፎንቱ ስም የይዘቱ አካል መሆኑ ነው። 65 ቁጥር በእንግሊዝኛ ፎንት የላቲኑ «ኤ» ሲሆን፣ በአንድ የአማርኛ ፎንት አንድ ፊደል፣ በሌላው ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሰነዱ ቅርጽ አልባ ጽሑፍ ሆኖ ከተቀመጠ የፎንቱ ስም ይጠፋል፤ የትኛው ቃል አማርኛ፣ የትኛው እንግሊዝኛ እንደነበረም በእርግጠኝነት መለየት ያዳግታል።

በመሆኑም ሽግግሩ አራት ደረጃዎችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ ዋናው ፋይል ሳይነካ ቅጂው ብቻ ይሠራበታል። ሁለተኛ፣ ቅጂው የፎንት መረጃን በሚጠብቅ ቅርጸት ተቀምጦ እያንዳንዱ የጽሑፍ ክፍል በፎንቱ ስም ይለያል። ሦስተኛ፣ ለየፎንቱ በተዘጋጀ ሰንጠረዥ ሲለወጥ ረጅሙ ጥምረት ይቀድማል፤ የፊደሉ አካል አስቀድሞ ከተተካ ቅጥያው ብቻውን ይቀራል፣ «ሉ» የነበረውም «ለ» ይሆናል። አራተኛ፣ ውጤቱ ከወረቀት ህትመቱ ጋር ይመሳከራል።

በማመሳከሩ ጊዜ ሆሄያትን «ማስተካከል» አይገባም። በቅጥር ደብዳቤ ላይ «ፀሐይ» ተብሎ የተጻፈ ስም ወደ «ጸሐይ» ቢለወጥ ንባቡ አይለይም፤ ቁጥሩ ግን የተለየ በመሆኑ በተለመደ የኮምፒውተር ፍለጋ አይገኝም። ባለጉዳይዋ የአገልግሎት ዘመኗን ለማስረዳት ማኅደሯን ስትጠይቅ «የለም» ልትባል ትችላለች። ስለሆነም የሽግግሩ ስኬት የሚመዘነው በተለወጡት ፋይሎች ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ስም በአዲሱ ሥርዓት ፊደል ሳይለውጥ በመገኘቱ ነው።