ስለ አንድ ሯጭ ትጋትና ዕረፍት

ሁለት ሰዎች ሲሽቀዳደሙ ማን እንደ ቀደመ ዓይን ያያል፤ ብቻውን ለሚሮጥ ሰው ግን ዛሬ ከትናንት መፍጠኑን የሚነግረው ሰዓት ብቻ ነው። ሰዓትም አያዳላም፤ አያቆላምጥም። በእንግሊዝ አገር ሮጀር ባኒስተር የሚባል ተማሪ ከዚህ ዳኛ ፊት ስምንት ዓመት ያህል ተሟገተ።

ባኒስተር በ1921 ዓ.ም. ተወለደ፤ ይህና ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው። በ17 ዓመቱ ወደ ኦክስፎርድ ለትምህርት በገባ ጊዜ በሩጫ ሜዳ ሮጦ፣ ከሥሩ ሹል ብረት ያለበትንም የሯጭ ጫማ አድርጎ አያውቅም ነበረ። ለሩጫው ደመወዝ የሚከፍለው አልነበረም፤ የሚሮጠው ትምህርቱን ሳይተው በትርፍ ጊዜው ነበረ። በ1939 ዓ.ም. በሳምንት ሦስት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ብቻ እየተለማመደ አንዱን ማይል በ4 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ያህል ጨረሰ። ማይል 1,609 ሜትር ያህል ነው፤ በዚያን ዘመን በእንግሊዝ የሩጫ ሜዳ አራት ዙር ይሆናል።

በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ከተማ በተደረገው የኦሎምፒክ ጨዋታ በ1,500 ሜትር ሊወዳደር ሄደ። አሳቡም በዚያ ድል አድርጎ ሩጫን ሊተውና ልቡን ሁሉ ለሕክምና ሊሰጥ ነበረ። ነገር ግን ሦስት ቀን በተከታታይ መሮጥ ግድ ሆነበት፤ ለዚህ ያህል ያልተለማመደው እግሩ ደከመና አራተኛ ወጣ። የአገሩ ጋዜጦችም ወቀሱት። ያን ጊዜ ሩጫን ቢተው ማንም ባልፈረደበት ነበር። እርሱ ግን ብዙ ካሰበ በኋላ ማይሉን ከ4 ደቂቃ በታች ለመሮጥ ቈረጠ። እስከዚያ ድረስ ከሰው ሁሉ የፈጠነው የስዊድኑ ጉንደር ሄግ ነበረ፤ በ1937 ዓ.ም. ማይሉን በ4 ደቂቃ ከ1 ሴኮንድ ከ4 ዐሥረኛ ሮጦ ነበርና።

ባኒስተር በለንደን ሐኪም ቤት ሕክምና ይማር ስለ ነበረ ብዙ ጊዜ አልነበረውም። ስለዚህ በቀትር የዕረፍት ሰዓት ወደ ቅርብ ሜዳ እየሄደ አንዱን ዙር በፍጥነት ይሮጣል፤ ሁለት ደቂቃ ያርፋል፤ ደግሞ ይሮጣል፤ እንዲህ እያደረገ ዐሥር ዙር ይፈጽማል። በመካከል የምትገባው አጭር ዕረፍት ትንፋሽን ትመልሳለች፤ ስለዚህ ሰው በአንድ ጊዜ ሊዘልቀው የማይችለውን ፍጥነት ከፋፍሎ ይለምደዋል። አራት ዙር በ4 ደቂቃ ለመጨረስ እያንዳንዱ ዙር 60 ሴኮንድ ሊሆን ይገባል። ተማሪ ሆይ፥ ቍጥሩን ተመልከት። በታኅሣሥ 1946 ዓ.ም. አንዱ ዙር 66 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበረ፤ በሚያዝያ ገደማ 61 ደረሰ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን እንቁላሉ ቆመ። ምንም ቢታገል ከ61 አልወርድ አለው።

ሰነፍ ቢሆን በዚህ ይተዋል፤ ችኩል ቢሆን ሩጫውን ያበዛል። ባኒስተር ሁለቱንም አላደረገም። ከጓደኛው ከክሪስ ብራሸር ጋር በመኪና ወደ ስኮትላንድ ሄዶ ጥቂት ቀን የተራራውን ገደል እየቧጠጠ ሲወጣ ሰነበተ፤ ሩጫም አልሮጠ። ተመልሶ ያንኑ ዐሥር ዙር ቢሞክር እያንዳንዱ 59 ሴኮንድ ሆነ! የደከመ ሥጋ በልምምድ ያገኘውን ኃይል ወዲያው አያሳይም፤ ማሳ እንኳ አንድ ክረምት ጦሙን ሲያድር ይበረታል።

ለውድድሩ ሚያዝያ 28 ቀን 1946 ዓ.ም. ተቈረጠ። ከዚያ በፊት አምስት ቀን ፈጽሞ ዐረፈ። በዋዜማው ሐኪም ቤት ውስጥ በተወለወለ ወለል ላይ ተንሸራትቶ ሲያነክስ ዋለ። በማግሥቱ ጠዋት እንደ ልማዱ ወደ ሐኪም ቤቱ ገባ፤ የጫማውን ብረቶች በዚያው በመሳያ ድንጋይ ስሎ በባቡር ወደ ኦክስፎርድ ሄደ። በዚያም ነፋሱ ብርቱ ነበረ። በቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ የሚውለበለበውን ባንዲራ እየተመለከተ «ልሩጥ ወይስ ልቅር» ሲል ቆየ። ከቀኑ 12 ሰዓት ሲቃረብ ባንዲራው ረገብ አለ።

በመጀመሪያ ብራሸር ፊት ፊት እየሮጠ ነፋሱን ከለለለት። ባኒስተር ከዕረፍቱ የተነሣ እግሩ ስለ ቀለለው የሚያዘግሙ መሰለውና «ፍጠን!» ብሎ ጮኸ። ብራሸር ግን ልኩን ሳይለቅ ቀጠለ፤ መልካምም አደረገ፤ የፊተኛው ዙር በ57 ሴኮንድ ተኩል አልፎ ነበርና። ቀጥሎ ሌላው ጓደኛው ክሪስ ቻታዌይ ተተካ። በመጨረሻው ዙር ባኒስተር ቻታዌይን አልፎ ብቻውን ወጣ፤ ክሩን በደረቱ በጥሶ በሰዎች እጅ ላይ ወደቀ፤ ዓይኑም ጨለመበት። ጊዜውን የሚያስታውቀው ሰው «ሦስት…» ባለ ጊዜ የሕዝቡ እልልታ የቀረውን ዋጠው። ጊዜው 3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ከ4 ዐሥረኛ ነበረ። ይህን ሁሉ ዓመት የደከመበት ትርፍ አንድ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም።

ከ46 ቀን በኋላ የአውስትራልያው ጆን ላንዲ ከእርሱ ይልቅ ፈጥኖ ሮጠ። ባኒስተርም በ1947 ዓ.ም. ሩጫን ተወ። ሐኪም ሆኖ የነርቭ ሕመም ያለባቸውን ሲረዳ ኖረ፤ በ2010 ዓ.ም. ዐረፈ። በሽምግልናው ስለዚያ ሩጫ ሲጠይቁት፣ ከእርሱ ይልቅ በሕክምና የሠራው ሥራ እንደሚበልጥበት ይመልስ ነበረ።