የቃላት ጥናት፦ «አንደርማይን» የተሰኘው ግስ

ከእንግሊዝኛ ለሚተረጉሙ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አስቸጋሪ ከሆኑት ግሦች አንዱ «አንደርማይን» ነው። «አንደር» ከሥር፣ «ማይን» መቆፈር ማለት ነው። ጥንት የምሽግን ግንብ ለመናድ ከመሠረቱ ሥር መቆፈርን ያመለክት ነበር፤ ኋላ ግን ሥልጣንን፣ መተማመንን ወይም ጤናን ቀስ በቀስ ማዳከምን መግለጫ ሆነ። ስለዚህ «ገለበጠ» አይስማማውም፤ «ሸረሸረ» ወይም «መሠረቱን ቦረቦረ» ይስማማዋል።

ምሳሌውን ከሰፈራችን ስም እንውሰድ። ዊንጌት የተባለው በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርት ቤቱም በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት ተሰየመ። መኮንኑ በ1933 ዓ.ም. ከአርበኞች ጋር በጎጃም ሲዘምት፣ አነስተኛ ጦሩን ብዙ አስመስሎ በማሳየትና በሌሊት በማጥቃት የጣልያንን ጦር ልበ ሙሉነት ሸረሸረ። ጠላትም በመጋቢት ወር ደብረ ማርቆስን ለቀቀ። እንግዲህ ግሱ በራሱ ወቀሳ አይደለም፤ የሚሸረሸረው ሥልጣን ፍትሐዊ መሆን አለመሆኑ ይመዘናል።

በቤተሰብም እናት የከለከለችውን አባት በስውር ቢፈቅድ፣ ሥልጣኗን ሸረሸረ ይባላል። ስሕተትን ፊት ለፊት በአክብሮት መናገር ግን በዚህ ግስ አይጠራም። ይህ ልዩነት ከተዘነጋ ቅን መካሪ እንደ አፍራሽ ይቈጠራል፤ ስለዚህ ስናስተምር ሁለቱን ለይተን እናስረዳ።