የሶፍትዌር መለያ ሥዕልና የቅጅ መብት

በንግድ ዓለም ዕቃ ከምልክቱ ጋራ አብሮ ይታወቃል። ማንም ሰው ያለ ዋጋ እንዲገለገልባቸው የተለቀቁ ብዙ የሶፍትዌር ሥራዎችም እንዲሁ በአንድ እንስሳ ወይም በሌላ ፍጡር ሥዕል ይታወቃሉ፤ ይኸውም መለያ ሥዕል ማስኮት ይባላል። ሥዕሉን በከናቴራና በኩባያ ላይ አትሞ መሸጥ ራሱን የቻለ ንግድ ነው። ነገር ግን «ሶፍትዌሩ ነጻ ከሆነ ሥዕሉም ነጻ ነው» ብሎ መገመት ስሕተት ነው። የፕሮግራሙ ፈቃድ ሌላ፣ የሥዕሉ ፈቃድ ሌላ ነው።

ቀድሞ የተሣለውን ሥዕል ልብስ አልብሶ፣ መልኩን ለውጦ ወይም በአሻንጉሊት አምሳል ሠርቶ ማውጣት በሕግ አነጋገር ከሌላ ሥራ የመነጨ ሥራ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የአሜሪካ የቅጅ መብት ሕግ እንዲህ ያለውን ሥራ የመሥራትና የመፍቀድ መብት የሰጠው ለዋናው ሥራ ባለመብት ነው። በፈቃድ የለወጠው ሰው መብት የሚያገኘው ራሱ በጨመረው ላይ ብቻ ሲሆን፣ መሠረቱ የቀድሞው ባለመብት ሆኖ ይቀራል። በኢትዮጵያም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የመለወጥን መብት ለሥራው አመንጪ ሰጥቷል።

ባለመብቶቹ የሚሰጡት ፈቃድ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ቱክስ የተባለውን የሊኑክስ ፔንጉዊን እ.ኤ.አ. በ1996 የሣሉት ሚስተር ላሪ ዩዊንግ ናቸው። ማንም ሰው በሥዕሉ እንዲጠቀምና እንዲለውጠው ፈቅደው፣ በምትኩ የጠየቁት፣ ስለ ምንጩ የሚጠይቅ ሲኖር የእርሳቸውና ሥዕሉ የተሠራበት ጊምፕ የተባለው ፕሮግራም ስም እንዲነገር ብቻ ነው። ሠዓሊዋ ረኔ ፍሬንች ለጎ የፕሮግራም ቋንቋ የሣሉት ጎፈር ደግሞ፣ የሠዓሊዋ ስም እስከ ተጠቀሰና መለወጡ እስከ ተገለጸ ድረስ ለንግድም ቢሆን የተፈቀደ ነው።

የቢኤስዲ መለያ የሆነው ባለ ቀንዱ ትንሽ ጋኔን ከእነዚህ ይለያል። ባለመብቱ ሚስተር ማርሻል ከርክ ማኩሲክ ግለሰቦች ከጨዋነት ሳይወጡ እንዲጠቀሙበት ቢፈቅዱም፣ በከናቴራ ላይ በብዛት አትሞ ለማውጣት የሚፈልግ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቃቸው ያዝዛሉ።

ከዚህም በላይ ስም ለብቻው ይታያል። የፔንጉዊኑ ሥዕል ቢፈቀድም፣ «ሊኑክስ» የሚለው ስም የሚስተር ሊነስ ቶርቫልድስ የንግድ ምልክት ነው።

ስለዚህ ነጋዴው ለማተሚያ ቤት ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት የሚከተሉትን ይመርምር፦

1ኛ/ የሥዕሉ ባለመብት ማን ነው?
2ኛ/ ፈቃዱ መለወጥንም መሸጥንም ያጠቃልላልን?
3ኛ/ የሠዓሊው ስም በምን አኳኋን ይጠቀስ?
4ኛ/ አብሮ የሚጻፈው ስም የንግድ ምልክት ነውን?

መልሱንም በጽሑፍ ይዞ ከሒሳብ ሰነዶቹ ጋራ ያኑር። ፈቃድ ለመጠየቅ የሚወጣው ወጪ አንድ ደብዳቤ ነው፤ ያለ ፈቃድ ታትሞ እንዳይሸጥ የታገደ ሸቀጥ ግን የጨርቁም፣ የቀለሙም፣ የድካሙም ኪሣራ በነጋዴው ላይ ይወድቃል።